ቤቱ ሳይዘጋ መድረስ



ባለፈው ዕትም በሰቆጣ ከተማ ለችግር ለተጋለጡ ቤተሰቦች የቤት ኪራይ ለመክፈልና ከክረምት በፊት ጣሪያ ለመጠገን ማሰባችንን በአጭሩ ገልጠን ነበር። ከዚያ ወዲህ ከልዩ ልዩ አጥቢያዎች የደረሱን ደብዳቤዎች በአብዛኛው አንድ ጥያቄ ያነሣሉ። ይኸውም ምእመናን ለተራበና ለታረዘ ብለው ያዋጡት ገንዘብ ወደ አከራይ ኪስ የሚገባው ለምንድን ነው፤ በዚያው ገንዘብ ድንኳንና ብርድ ልብስ ቢገዛ ለብዙ ሰው አይደርስም ወይ የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ በሁለት መስመር መልስ ልናልፈው አልወደድንም። ሰው ቤቱን እንዳያጣ የሚወጣ ገንዘብ እንዴት እንደሚሠራ፣ የት እንደሚሳካና የት እንደሚባክን፣ በአገራችንም ሆነ በውጭ የታየውን ይዘን እናስረዳለን።

ቤት አልባ ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ የሚሄደው በአዲስ አበባ ጎዳና፣ በአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ካርቶን አንጥፎ ወደሚያድር ሰው ነው። በዋግ ኽምራ ነገሩ በዚህ መልክ አይጀምርም። በዚያ ሰው ሜዳ ላይ ከመታየቱ በፊት ለብዙ ወራት ቤቱን ጥቂት በጥቂት ሲያጣ ይቆያል። መጀመሪያ ፍየሎቹን፣ ቀጥሎ በሬውን፣ ሲብስም የቤቱን ማገርና ወራጅ ይሸጣል፤ በመጨረሻ በሩን ዘግቶ ይወጣል። በአማርኛችን «ቤቱ ተዘጋ» ሲባል የሳንቃውን መገጠም ብቻ አይገልጥም። ምድጃው መቀዝቀዙን፣ የዚያ ቤተሰብ ስም ከመንደሩ መነሣቱን ጭምር ነው የሚናገረው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው መከላከል ነው፤ ይህም ቤተሰቡ ገና በቤቱ ሳለ፣ ኪራዩ ሲያንቀው ወይም ጣሪያው ሲያፈስበት የሚደርስ ዕርዳታ ነው። ሁለተኛው ፈጥኖ ወደ ቤት መመለስ ነው፤ ቤቱን ያጣውን ሰው በመጠለያ ሳያከርሙ በቶሎ ቁልፍ ያለው ክፍል ማስያዝ ማለት ነው። ሁለቱም ከድንኳን ይለያሉ። ድንኳን ለዚያች ሌሊት ዝናብ ነው፤ ማደሪያ ለሌለው ሰው ድንኳን ማቅረባችንን አንተውም። ችግሩ ለሦስት ወር የተተከለው ድንኳን ሦስት ዓመት ሲቆም ነው።

በ1977 ዓ.ም. የሆነውን ዕድሜ የጠገቡ አንባብያን አይረሱትም። ዋግ በዚያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ያለ አውራጃ ነበር። ዝናቡ በተከታታይ ቀርቶ፣ ጦርነቱም መንገዱን አስቸጋሪ አድርጎት ስለነበር ሕዝቡ ያለውን ሁሉ ከጨረሰ በኋላ ልጆቹን አዝሎ ወደ ኮረም ተመመ። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. የእንግሊዙ ቢ.ቢ.ሲ. ቴሌቪዥን ከኮረም ያሳየው ምስል ዓለምን ቀሰቀሰ፤ ዕርዳታም መጣ። ነገር ግን የደረሰው ሰው በሬውን ሸጦ፣ ዘሩን በልቶ፣ ቤቱን ዘግቶ ከወጣ በኋላ ነበር። ሕዝቡ በአንድ ስፍራ ስለተጨናነቀም ከረሃብ የተረፈውን ተቅማጥና ተስቦ ገደለው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ ማለት ነው።

ከዚያም ሌላ ስደት ተከተለ። ከኅዳር 1977 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ 1978 ዓ.ም. ድረስ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሰው በመንግሥት ሠፈራ ወደ መተከል፣ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ከፋና ወደ ጋምቤላ ተወሰደ። ከመካከላቸው በግድ የተወሰዱ፣ ቤተሰባቸው የተለያየባቸው ብዙዎች ነበሩ። የመንግሥት ለውጥ ከሆነ በኋላ በእግራቸው ጭምር ወደ አገራቸው ከተመለሱት መካከል መሬታቸው ለሌላ ተደልድሎ የጠበቃቸውም አሉ። አንድ ጊዜ የተዘጋን ቤት መልሶ መክፈት ምን ያህል እንደሚከብድ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አናውቅም።

ተመራማሪው ደሳለኝ ራህመቶ በዚያው ረሃብ ጊዜ የወሎ አምባሰል ገበሬ እንዴት እንደኖረ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1991 በመጽሐፍ አሳትመዋል። ከጥናታቸው ለእኛ ሥራ እጅግ የሚጠቅመው ነጥብ የእርምጃዎቹ ቅደም ተከተል ነው። ገበሬው ረሃብ ሲያይ ወዲያው አይሰደድም። ማዕዱን ይቀንሳል፣ ከዘመድ ይበደራል፣ ዕቃና ከብት ይሸጣል፤ አገር ጥሎ መውጣት የመጨረሻው ነው። እኛ የዕርዳታ ሰዎች ከመኪናችን ወርደን የምናየው ይህንኑ የመጨረሻውን ደረጃ ሲሆን፣ ቀድሞ ያለፉት ወራት ግን በየጎጆው ውስጥ በዝምታ ያለቁ ናቸው። ፎቶግራፍ የሚነሣ ነገር ስለሌላቸው ገንዘብም አይሰበሰብባቸውም።

መንግሥትና ለጋሾች ይህን ትምህርት ወደ ሥራ ለመለወጥ ሃያ ዓመት ፈጅቶባቸዋል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ለቤት ተብሎ ባይወጣም ሰውን በቤቱ ለማቆየት የታሰበ ነው። ከዚያ በፊት በየዓመቱ ድርቅ ሲመጣ የአስቸኳይ ዕርዳታ ጥሪ ይተላለፍ ነበር፤ እህሉ ተለምኖ፣ በመርከብ ተጭኖ፣ ከወደብ ተነሥቶ እስኪደርስ በሬው ተሽጧል። አዲሱ አሠራር ግን በየዓመቱ ምግብ የሚያንሳቸው መሆኑ የታወቀ ቤተሰቦች በየዓመቱ አስቀድሞ የታወቀ ነገር እንዲያገኙ አደረገ። በመጀመሪያ አምስት ሚሊዮን ያህል ሰው የታቀፈበት ሲሆን በኋላ ወደ ስምንት ሚሊዮን ደርሷል። መሥራት የሚችል ቤተሰብ ለእያንዳንዱ አባል በወር አምስት ቀን የእርከን፣ የመንገድ ወይም የውኃ ሥራ ይሠራል፤ ለአንድ ቀን ሦስት ኪሎ እህል ወይም ተመጣጣኝ ብር ይከፈለዋል። ይህም በወር ለአንድ ሰው 15 ኪሎ ማለት ነው። አቅመ ደካማው፣ ሽማግሌውና ነፍሰ ጡሯ ያለ ሥራ ይቀበላሉ። ክፍያው የሚሰጠው ስድስት ወር ያህል፣ ጎተራው ባዶ በሚሆንበት ጊዜ ነው።

የዋግ ኽምራ ወረዳዎችም በዚህ ፕሮግራም ውስጥ ናቸው። ሠራተኞቻችን የዚህን ፕሮግራም ድካም ከብርታቱ ይልቅ ስለሚያውቁት ሁሉንም አንዘረዝርም፤ አንዱን ብቻ እንጠቅሳለን። በ1997 ዓ.ም. የቀን ክፍያው 6 ብር ነበር። በ2000 ዓ.ም. ወደ 8 ብር ከፍ አለ፤ በዚያው ጊዜ ግን የእህል ዋጋ ከእጥፍ በላይ ወጣ። ስለሆነም በብር የሚቀበለው ቤተሰብ ገበያ ወጥቶ ከቀድሞው ያነሰ ቁና ይዞ ተመለሰ፤ ብዙው ሰው ብሩን ትቶ እህሉን መረጠ። ኪራይ በብር ለመርዳት የምናስብ ሁሉ ይህን ልብ ማለት ይገባናል። በዕቅድ ወረቀት ላይ ታስሮ የተቀመጠ ብር ገበያውን አይከተልም።

ከገጠሩ ወደ ከተማው እንሻገር። ሰቆጣ እንደ ማንኛውም የወረዳና የዞን ከተማ በባለቤትነት የሚኖር፣ በቀበሌ ቤት የሚኖርና ከግለሰብ የሚከራይ ሰው አላት። የቀበሌ ቤት የሚባለው የመጣው በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ከታወጀው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ነው። ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፣ ኪራዩም ተቀነሰ። ስለ አዋጁ የሚባለው ብዙ ነው፤ አንድ ነገር ግን እውነት ነው። ሌላ ቤት ሊከራይ የማይችል ብዙ ድኻ በዚህ ሳቢያ ለዐሥርት ዓመታት በጥቂት ብር ጣሪያ ሥር ኖሯል። በሌላ በኩል ኪራዩ ለጥገና ስለማይበቃ ቤቶቹ አረጁ፤ አዲስ ቤትም በሚፈለገው መጠን አልተሠራም። ከዚያ በኋላ ወደ ከተማ የመጣ ሰው ዕጣው ከግለሰብ ግቢ አንድ ክፍል መከራየት ወይም ከዘመድ ጋር ደባል መሆን ሆነ።

ለዚህ ተከራይ ድኻ መንግሥት የመደበው የመጀመሪያው ትልቅ ገንዘብ የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ነው። ሥራው በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች ተጀመረ፤ ከአማራ ክልል የገባችው ደሴ ብቻ ነበረች። 450 ሚሊዮን ዶላር ተመደበለት፤ 300 ሚሊዮኑ ከዓለም ባንክ፣ 150 ሚሊዮኑ ከመንግሥት ነበር። ለ604,000 ሰው ታስቦ ከመቶው 84ቱ ከተማ በማጽዳትና በመሰለው ሥራ እየተሰማሩ ደመወዝ እንዲያገኙ፣ 12ቱ አቅመ ደካሞች ያለ ሥራ እንዲረዱ፣ ቀሪዎቹ 4ቱ በጎዳና የሚኖሩ ወገኖች እንዲሆኑ ተወሰነ። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በቀጠለው ፕሮጀክት ከ80 በላይ ከተሞች እንዲታቀፉ ታቅዷል።

ይህን አከፋፈል በጥንቃቄ ብናየው አንድ ነገር ይታየናል። ቤት አልባ በሚል ስም የተያዘው ገንዘብ ከመቶው ለአራቱ ነው፤ እርሱም ሰው ጎዳና ከወጣ በኋላ የሚደርስ ነው። ዳሩ ግን ጎዳና እንዳይወጣ የሚያደርገው ያ የ84ቱ የቀን ደመወዝ ነው፤ ከተማ ውስጥ ደመወዝ ሲገኝ አስቀድሞ የሚነሣለት ኪራይ ነውና። ስሙ የመንገድ ጽዳት ነው፤ ሥራው ግን ቤት መጠበቅ ሆኖ ይገኛል። የበጀት መዝገብ ላይ የተጻፈው ስምና ገንዘቡ የሚሠራው ሥራ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም።

በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ወጣ። ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ጭማሪም በዓመት አንድ ጊዜ በሚወሰነው መጠን ብቻ እንዲሆን ያዝዛል። ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጭ የትኞቹ ከተሞች እንደሚገቡበት መወሰኑ ለክልሎች ተትቷል። አዋጁ ገንዘብ አይሰጥም፤ ነገር ግን ከአከራይ ጋር በምንዋዋልበት ጊዜ መለኪያ ይሆነናል። ሕጉ ባይደርስበትም እንኳ ውላችን ከሕጉ ያነሰ እንዳይሆን እንፈልጋለን።

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንግባ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ከትግራይ አልፎ ወደ ዋግ ኽምራ ሲዘልቅ የአበርገሌና የጻግብጂ ሕዝብ በአሥር ሺሕ የሚቆጠር ሆኖ ወደ ሰቆጣና ወደ ዙሪያዋ ፈለሰ። የቻለ ከዘመድ ተጠጋ፣ ጥቂት ያለው ተከራየ፣ የቀረው በትምህርት ቤትና ኋላም በወለህ በመሰሉ መጠለያዎች በድንኳን ሠፈረ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ሲፈረም ሁሉም ወዲያው አልተመለሰም። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በሳህላ፣ በዝቋላና በአበርገሌ ድርቅ ጠናና ሌላ ሰው ተጨመረበት። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ የተነሣው ግጭትም ዕቃና ገንዘብ ማጓጓዝን አስቸጋሪ አድርጎታል።

በዚህ ሁሉ መካከል ዕርዳታው በአብዛኛው የሚከተለው ድንኳኑን ነው። ምክንያቱም ድንኳን ይቆጠራል፤ በአንድ ስፍራ ስለሆነ እህል ለማደል ይመቻል፤ ጎብኚም ሲመጣ ይታያል። ከዘመድ ጋር ደባል የሆነው ሰው ግን አይታይም። አሳዳሪው ቤተሰብ ደግሞ ከማንም ያነሰ ይታያል። የዋግ ሰው እንግዳ አያስመልስም፤ በአንድ ክፍል አምስት ሆኖ ይኖር የነበረው ዐሥራ ሁለት ሆኖ ክረምት ያሳልፋል፣ ለስድስት ወር የያዘውን ማሽላ በሦስት ወር ይጨርሳል። ከዚያ አሳዳሪው ራሱ ይደክማል። ያን ጊዜ የሚወጡት ሁለት ቤተሰቦች ናቸው። ለአሳዳሪው የአንድ ክፍል ጭማሪ ቆርቆሮና እንጨት ቢደርሰው ኖሮ ሁለቱም ባልወጡ ነበር።

ተከራዩም የራሱ ችግር አለበት። ፈላጊ ሲበዛ ኪራይ ይወደዳል። ድርጅቶች ያለ ጥንቃቄ ለተፈናቃይ ኪራይ መክፈል ከጀመሩ የከተማው የቀን ሠራተኛ ይከፍላት የነበረችውን ክፍል ከእጁ ነጥቀው ለተፈናቃዩ ይሰጣሉ ማለት ነው፤ አንዱን ከድንኳን አውጥተን ሌላውን ወደ ድንኳን እንዳናስገባ መጠንቀቅ አለብን። በዮርዳኖስ ለሶርያ ስደተኞች የኖርዌይ ስደተኞች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የተጠቀመበት መንገድ ለዚህ መፍትሔ ያሳያል። ገንዘቡን ለኪራይ ብቻ ከመስጠት ይልቅ ግንባታ ጀምሮ ላቋረጠ ባለቤት ለመጨረሻ ይሰጡታል፤ እርሱም በምላሹ አንድን የስደተኛ ቤተሰብ ከዓመት ላላነሰ ጊዜ ያለ ኪራይ ያስቀምጣል። በዚህ አሠራር በከተማው ውስጥ የክፍሎች ቁጥር ይጨምራል፤ ጊዜው ሲያልቅም ክፍሉ ለባለቤቱ ይቀራል። በሰቆጣም ግድግዳው ቆሞ ጣሪያ የጠበቀ ቤት አይጠፋም። የእኛ ዕቅድ ግማሹ ይኸው ነው።

ስለ መከላከል የተደረገ አንድ ጥናት እዚህ ማንሣት ይገባናል፤ ምክንያቱም ለተስፋችንም ለጥንቃቄያችንም መሠረት ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2009 ኢኮኖሚው በወደቀ ጊዜ መንግሥት ቤት ማጣትን ለመከላከልና ቤት ያጡትን ፈጥኖ ወደ ቤት ለመመለስ ለሦስት ዓመት 1.5 ቢሊዮን ዶላር መደበ። በዚያን ሰሞን በቺካጎ ከተማ ኪራይ ያቃተው ሰው የሚደውልበት ስልክ ነበር። ገንዘብ ካለ እስከ 1,500 ዶላር አንድ ጊዜ ይረዳል፤ የዚያን ቀን ገንዘብ ካለቀ ያው ችግረኛ ባዶውን ይመለሳል። ገንዘብ ባለ ቀን የደወለውና በሌለ ቀን የደወለው ሰው በምንም ስለማይለያይ ተመራማሪዎች ሁለቱን አነጻጸሩ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ታተመ። ገንዘብ ባለ ቀን የደወሉት በስድስት ወር ውስጥ ወደ መጠለያ የመግባታቸው ነገር በሌላ ቀን ከደወሉት በ76 ከመቶ አነሰ።

ይህ ታላቅ ውጤት ነው። ነገር ግን ቀጥሎ ያለውን ካላነበብን ራሳችንን እናታልላለን። ገንዘብ ካላገኙት መካከል እንኳ በስድስት ወር ወደ መጠለያ የገቡት ከመቶው ሁለት ያህል ብቻ ነበሩ። የቀሩት ተበድረው፣ ዘመድ ለምነው፣ ዕቃ ሸጠው እንደምንም ተወጡት። ስለዚህ መከላከል ርካሽ ነው ብሎ ለመጣው ሁሉ ማደል ገንዘቡን ያለ እርሱ ሊቆም ለሚችል ሰው መስጠት ይሆናል። ጥያቄው ማን ችግረኛ ነው የሚለው ብቻ ሳይሆን፣ ይህ ገንዘብ ባይደርሰው ማን ነው ቤቱ የሚዘጋው የሚለው ነው። በዋግ ኽምራ ችግረኛ ያልሆነ ስንቱ ነውና!

በኒው ዮርክ ከተማ ይህንኑ ለመለየት የተደረገ ሌላ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል። በአጭር ቅጽ ላይ የሰፈሩ ጥቂት ጥያቄዎች ከሠራተኞች የግል ግምት ይልቅ ወደ መጠለያ የሚገባውን ቤተሰብ በትክክል ለይተዋል። ቀድሞ በመጠለያ የኖረ፣ በዓመት ውስጥ ከቤት ቤት የተንከራተተ፣ ውሉ በስሙ ያልሆነ፣ ነፍሰ ጡር ወይም ጨቅላ ያለው ቤተሰብ ይበልጥ የተጋለጠ ሆኖ ተገኘ። ደግሞም ችግሩ ስለከበደ ብቻ ዕርዳታ አይጠቅመውም ሊባል የሚችል ቤተሰብ አልተገኘም። ይህን የመጨረሻውን ነጥብ ለፕሮጀክት ሠራተኞቻችን አደራ እንላለን። ንጹሕ ልብስ ለብሶ፣ ደረሰኝ ይዞ፣ በጨዋ ቃል የሚያመለክተውን ሰው ማስቀደም ይቀናናል፤ ሊሳካ የሚችል ስለሚመስለን ነው። አራት ጊዜ ቤት የለወጠችውንና ንግግሯ የተጎሳቆለውን እናት ተስፋ የላትም ብለን እናልፋለን። ማስቀደም የሚገባን ግን እርስዋን ነው።

በሰቆጣ እነዚህን ጥያቄዎች እንደ አገሩ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከሞላ ጎደል እንዲህ ይሆናሉ፤ በዚህ ዓመት ስንት ቤት ለወጡ? አሁን ያሉበት ቤት ውል ወይም ቃል በማን ስም ነው? ከአራጣ አበዳሪ ወስደዋል? የሚሸጥ ምን ቀርቷችኋል? የመጨረሻው ጥያቄ መልሱ ምንም ከሆነ ጊዜው እያለቀ ነው። ጥያቄው በኽምጣንጋ መጠየቅ ሲኖርበት በኽምጣንጋ ይጠየቅ፤ ከአበርገሌ የመጡ እናቶች በአማርኛ ሲጠየቁ ችግራቸውን አሳጥረው የሚመልሱበት ጊዜ አለ። የቀበሌው ሹም፣ የእድሩ ዳኛና አንዲት የሠፈር እናት አብረው ቢቀመጡ እኛ የማናየውን ያያሉ። (እድር ለቀብር እንጂ ለቤት የማይሆነው ለምን እንደሆነ ብዙ ጊዜ እንገረማለን። ሰው ሲሞት ድንኳኑ፣ ወንበሩና ብሩ በአንድ ሰዓት ይሰበሰባል፤ የአባሉ ጣሪያ ሲወድቅ ግን ስብሰባ ይጠራል።)

ፈጥኖ ወደ ቤት ስለ መመለስም አንድ ንጽጽር እናክል። በአሜሪካ በ12 አካባቢዎች ከሁለት ሺሕ በላይ ቤት ያጡ ቤተሰቦችን ለሦስት ዓመት የተከታተለ የመንግሥት ጥናት ነበር። አንድን ቤተሰብ በመጠለያ ማቆየት በወር ወደ 4,800 ዶላር ሲያስወጣ፣ ለአጭር ጊዜ ኪራይ ከፍሎ በቤት ማኖር ወደ 880 ዶላር ነበር። በአጭር ጊዜ ኪራይ የተረዱት በኋላ ሁኔታቸው በመጠለያ ከቆዩት የከፋ አልሆነም፤ እጅግ የተሻለም አልነበረም። ጸንተው የቆዩት የረጅም ጊዜ የኪራይ ድጎማ ያገኙት ናቸው። የዋጋው ልክ ለእኛ አገር አይሆንም፤ በእኛ ድንኳን ርካሽ ነው። ነገር ግን ድንኳን ብቻውን አይመጣም። ውኃ በቦቴ ማመላለስ፣ ሽንት ቤት መቆፈር፣ ዘበኛ መቅጠር፣ ሸራው ሲቀደድ በየዓመቱ መተካት አለ። እነዚህ በሌላ የሒሳብ መደብ ስለሚጻፉ የድንኳኑ ዋጋ ትንሽ ይመስላል። ከተማ ውስጥ ክፍል የያዘ ቤተሰብ ግን የጎረቤቱን ቧንቧ ይጋራል፣ ልጁን ትምህርት ቤት ይልካል፣ ጠዋት ወጥቶ የቀን ሥራ ይፈልጋል። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ጊዜ ነው።

ገንዘቡ ወደ አከራይ ኪስ መግባቱ ቅር ላሰኛቸው ወንድሞችና እኅቶች ደጉን ሳምራዊ እናስታውሳቸዋለን። የቆሰለውን ሰው ወደ እንግዶች ማደሪያ ወስዶ ሁለት ዲናር የከፈለው ለባለ ማደሪያው ነበር፤ ቢጨምርም በመመለሻው እንደሚሰጠው ቃል ገብቶለታል። ማደሪያ የሚሰጥ ሰው ዋጋውን መቀበሉ ነውር የለበትም። የሰቆጣ አከራይም ቢሆን ብዙ ጊዜ ባለጠጋ አይደለም፤ ከግቢዋ አንዷን ክፍል አከራይታ በዚያች ብር የምትተዳደር መበለት ልትሆን ትችላለች። ኪራዩ ሲቀር የእርስዋም ቤት ይናጋል።

እንግዲህ በተግባር የምናስበው እንዲህ ነው። ለመጠለያ ተብሎ ከሚደርሰን ገንዘብ አንድ ሦስተኛውን ለመከላከልና ለመመለስ እናውላለን፤ ሁለት ሦስተኛው እንደ ቀድሞው ለድንኳን፣ ለሸራና ለብርድ ልብስ ይሆናል። ከአንድ ሦስተኛው ግማሹ ለጣሪያና ለክፍል ጭማሪ ነው፤ ተቀባዮቹም አሳዳሪ ቤተሰቦችና አንድ ቤተሰብ ለዓመት ያለ ኪራይ ለማስቀመጥ የሚዋዋሉ ባለቤቶች ናቸው። ሌላው ግማሽ ለኪራይ ነው፤ ከስድስት ወር አይበልጥም፣ በየሁለት ወሩ ይከፈላል፣ መጠኑም በየሦስት ወሩ ከገበያው ጋር ይታያል። ለምሳሌ ኪራዩ በወር 1,000 ብር ነው ብንል፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ሙሉውን፣ በሚቀጥሉት ሁለት 700፣ በመጨረሻዎቹ ሁለት 400 እንከፍላለን፤ ቤተሰቡ ሥራ ባገኘ መጠን እየተረከበ እንዲሄድ ነው። ሥራ ካልተገኘስ? ያን ጊዜ ለብቻው ይታያል፤ በስድስተኛው ወር መጨረሻ ቤተሰቡን መልሶ ወደ ድንኳን መላክ ማለት የስድስቱን ወር ገንዘብ ወንዝ ውስጥ መጣል ነው። ውሉ ሦስት ወገን ይፈርምበታል፣ ቀበሌው ይመሰክራል፣ የባልና የሚስት ስም ሁለቱም ይጻፋል። የሚስቲቱ ስም ካልተጻፈ ባሏ ለቀን ሥራ ርቆ በሄደ ሰሞን ከቤቱ የምትወጣው እርስዋ ናት። ምን ያህል እንደምንከፍል በአደባባይ አናሳውቅም፤ በማግሥቱ የከተማው ኪራይ ሁሉ ያንኑ ያህል ይሆናልና።

ዝናቡ ሰኔ ላይ ይገባል። ቆርቆሮ፣ ሚስማርና ወራጅ ሰቆጣ ደርሶ፣ ሰዉም ለደቦ ተጠርቶ ጣሪያው ከሰኔ በፊት እንዲከደን የጥገናው ገንዘብ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ በእጃችን መግባት ይኖርበታል። ከግንቦት በኋላ የሚደርሰንን ለኪራዩ እናውለዋለን፤ ኪራይ በክረምትም ይከፈላልና። ከዚህ ዕትም ጋር በተያያዘው የመዋጮ ቅጽ ላይ «መጠለያ» በሚለው ሥር «ቤት መጠበቅ» የሚል አዲስ መስመር ጨምረናል። መዋጮዋ ለድንኳን ብቻ እንዲውል የምትፈልግ አጥቢያ መስመሩን ባዶ ትተወው፤ እንዳለችው ይፈጸማል።